የገንቦው ድርሻ

መብራት ባልገባበት የቆላ መንደር አንዲት እናት የልጇን ኢንሱሊን እርጥብ አሸዋ በተሞላ ገንቦ ውስጥ ታኖራለች። ውሃው በሸክላው ገላ እየተነነ መድኃኒቱን ያበርደዋል፤ የማቀዝቀዣን ያህል ግን አይሆንም። ያልተከፈተ ብልቃጥ የሚሻው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነውና።

ያ ብልቃጥ ጤና ጣቢያው እስኪደርስ የመንግሥት አደራ ነበር። ግዢውን፣ ክምችቱንና ስርጭቱን እንዲመራ በአዋጅ ቁጥር 553/1999 የተቋቋመው የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ ዛሬ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ይባላል። ከስሙ የወጣችው «ፈንድ» እንዲሁ የተሰካች ቃል አልነበረችም፤ ከመድኃኒት ሽያጭ የተሰበሰበው ገንዘብ ለቀጣዩ ግዢ እየዋለ አቅርቦቱ እንዳይነጥፍ የሚለውን ሐሳብ የያዘች ነበረች። መልካም ሐሳብ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ የሚሰበሰበው በብር ነው፤ የባሕር ማዶው አምራች የሚጠይቀው ዶላር ነው። የውጭ ምንዛሪ ሲያጥር ትእዛዙ ይዘገያል። አንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ ደግሞ ያለ ኢንሱሊን የሚቆይበት ዕድሜ በቀናት፣ ቢበዛ በሳምንታት የሚቆጠር ነው።

ስለዚህ እናቲቱ መድኃኒቱ በተገኘ ጊዜ ሁለት ሦስት ብልቃጥ ይዛ መመለስ ትሻለች። ያስቀመጠችው በበዛ ቁጥር ግን ሙቀት የሚያበላሽባትም ይበዛል። አሸዋውን ጠዋትና ማታ ታረጥባለች። በበጋ ምንጩ ሲሳሳ፣ ከሩቅ ከተቀዳው ውሃ ስንቱ ለመጠጥ፣ ስንቱ ለገንቦው እንደሚሆን የምትመድበው እርሷ ናት።