ተሳታፊ ቁጥር 7

እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ ዶክተር ሊሆን ነው» ብላ አውርታለች። ጉልበቱን ያመመው ሁሉ እኔን ይጠብቃል! የሶሻል ወርክ ዶክተር መርፌ እንደማይወጋ ማን ያስረዳልኝ?

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይህ ትምህርት በደርግ ዘመን ተቋርጦ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. በማስተርስ ተመልሶ፣ በ2006 ዶክትሬቱ ተጀመረ። ይህን በኩራት አወራ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ለጥናቴ አንዲት የጉሊት ነጋዴ ዘንድ ሄጄ የፈቃድ ቅጹን አነበብኩላቸው። ሽንኩርታቸውን እየደረደሩ ሰሙኝ።

«ስሜን አትጽፍም? ታዲያ እኔ መሆኔን ማን ያውቃል?»

«ምስጢርዎን ለመጠበቅ ነው፣ እማማ።»

«ምስጢር ቢሆንማ ለአንተ እነግርህ ነበር ልጄ?» ብለው ሳቁ። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙልኝ።

ስማቸውን ትቼ አሻራቸውን ይዤ ተመለስኩ። ማታ «ተሳታፊ ቁጥር 7» ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት።