መዝገቡን የሚጽፈው ማን ነው?

የምኖርባት ፍኖተ ሰላም የቀድሞ ስሟ ወጀት ነበር። ስሟ ቢለወጥም ከተማዋ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፤ ከቡሬ የሚመጣ መንገደኛ በአዲሱ ስም ጠይቆ እዚያው ይደርሳል። በኮምፒዩተር ዓለም ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል። ስሙ እንዳለ ሆኖ፣ ስሙ የሚመራበት ቦታ በአንድ መስመር ጽሕፈት ብቻ ይለወጣል።

ኮምፒዩተሮች የሚፈላለጉት በቁጥር ነው። ሰው ግን ቁጥር መያዝ ስለሚከብደው በስም ይጠራቸዋል። ስሙን ከቁጥሩ ጋር የሚያገናኘው መዝገብ ዲ.ኤን.ኤስ. ይባላል። ቀድሞ ዝርዝሩን ሁሉ ይይዝ የነበረው በካሊፎርኒያ የሚገኝ አንድ ተቋም ነበር። ስሞቹ በበዙ ጊዜ ይህ አላዋጣምና ፖል ሞካፔትሪስ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1983 አዲስ ሥርዓት አወጣ፤ ይኸውም ሥልጣንን ከፋፍሎ ለየባለቤቱ መስጠት ነው። በዚሁ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1995 «ነጥብ ኢቲ» ለኢትዮጵያ ተሰጠ፤ ከሥሩም ለመንግሥት፣ ለትምህርትና ለንግድ ክፍል ክፍል ተለየ።

የሚያሳዝነው ግን ዓለም የተካፈለውን ሥልጣን እኛ በአንድ ክፍል ውስጥ መልሰን መደባለቃችን ነው። የኮሌጅ ባልንጀራዬ በተቀጠረበት መሥሪያ ቤት አምስት ሰዎች በአንድ የይለፍ ቃል ይሠሩ ነበር። አንድ ሰኞ የኢሜል መልእክት መድረሱን አቆመ፤ የደብዳቤውን መንገድ የሚያሳየው መስመር ተለውጦ ተገኘ። የኮምፒዩተሩ ማስታወሻ ለዋጩን «አስተዳዳሪ» ከማለት በቀር ስም አልያዘም። ጥርጣሬው ያረፈው በማን ላይ ነው ቢሉ፣ በዕድሜም በደመወዝም ትንሹ በነበረው በባልንጀራዬ ላይ ነው። ንጹሕነቱን የሚያስረዳበት አንዳች ማስረጃ አልነበረውም።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። እያንዳንዱ ሰው በገዛ ስሙ ይግባ። ማየት ብቻ ለሚያስፈልገው ማየት ይፈቀድለት፤ የአንድ ክፍል ኃላፊ የክፍሉን መስመሮች ብቻ ይለውጥ፤ ሙሉው ሥልጣን በሁለት ሰዎች እጅ ይሁን፤ አንዱ ባሕር ዳር ቢሄድ ሥራ እንዳይቆም። የሥልጣኑንም ስም አይቶ መታለል አይገባም። በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ «ዲኤንኤስ አድሚንስ» የሚባለው ቡድን ለስም መዝገብ ብቻ የተወሰነ ይመስላል፤ ነገር ግን አባሉ ሰርቨሩን ጭምር ሊቆጣጠር እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2017 ታይቷል። በጥር 2019ም የአሜሪካ መንግሥት መዝገቦች በሌቦች እጅ መለወጣቸውን ባወቀ ጊዜ፣ ሲቪል መሥሪያ ቤቶቹ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መስመሮቻቸውን እንዲመረምሩና የይለፍ ቃላቸውን እንዲለውጡ አዘዘ።

አንዳንድ ወጣት ሠራተኛ ሥልጣኑ ሲወሰንበት እንደ ተናቀ ይቆጥረዋል። በገጠራችን ያለውን እድር ይመልከት። ጸሐፊው ይጽፋል እንጂ ገንዘብ አይዝም፤ ገንዘብ ያዡም ይይዛል እንጂ ብቻውን ወጪ አያዝም። በዚህ የተናቀ የለም፤ ሒሳብ በሚመረመርበት ቀን ሁለቱም ቀና ብለው ይቀመጣሉ። ለሐቀኛ ሰው የተወሰነ ሥልጣን ምስክሩ ነው።

እንግዲህ አንባቢዬ ሆይ፣ ነገ ተቀጥረህ የጋራ የይለፍ ቃል በብጣሽ ወረቀት ቢሰጡህ፣ በትሕትና መልሰህ በራስህ ስም እንዲከፈትልህ ለምን። ጥያቄህንም በጽሑፍ አድርገው።