ዲሹን ወደ ምሥራቅ ያዞርን ቀን

እኛ አገር ቲቪ ማለት በአብዛኛው ዲሽ ነው። ልዩነቱ በየወሩ የሚከፈልበት ነው ወይስ አንዴ ተሰቅሎ የሚረሳ የሚለው ላይ ነው።

ሶደሬ ያለው የአባቴ ቤት የሚከፈልበት ነበረው። ከፋዩ እኔ ነኝ። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በክፍያ ቻናል መታየት ሲጀምር፣ አባዬ አዳማ ከተማን ሳሎኑ ቁጭ ብሎ ማየት ቻለ። «ሂሳቡን ለኔ ተወው» አልኩት። ኑሮው እስኪከብደኝ ድረስም ቻልኩት። በመጨረሻ ደውዬ እውነቱን ነገርኩት።

«ይቅር ልጄ፣ ኳስ እህል አይደለም» አለኝ። ቶሎ ማለቱ ነው የከነከነኝ።

ቅዳሜ ዲሽ ሠሪ ይዤ ሄድኩ። የድሮው የናይልሳት ዲሽ ወደ ምዕራብ ዘመም ብሎ ነበር የሚተከለው። ኢትዮሳት ግን 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስለሆነ፣ ዲሹ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ሰማይ ሰማይ ያያል። ሠሪው ጣሪያ ላይ፣ እኔ መስኮት ላይ፣ አባዬ ቲቪው ፊት ሆነን «መጣ! ኧረ ሄደ! መጣ!» ስንባባል ዋልን።

መጀመሪያ ጥርት ብሎ የመጣው ኦቢኤን ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዳማ፣ ከኛ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ምስሉ ግን እኛ ጋ ለመድረስ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ወጥቶ መውረድ አለበት። አባዬ ይሄን ስነግረው «በእግሩ ቢመጣ ይቀድም ነበር» ብሎ ሳቀ።

ኳሱ ግን አልመጣም። የጎሎቹን ቅንጭብ እንዲያይ ስልኩ ላይ ዩቲዩብ ጫንኩለት። ኢንተርኔቱን ለምዶት ነበር ማለት አይቻልም፤ አሜሪካ ያለው የወንድሙ ልጅ «ፊልሙን ሶደሬ ላይ አየሁት» ሲለው «መቼ መጥተህ? ሳትጠይቀኝ ሄድክ?» ብሎ ተቀይሞታል። ልጁ የሚያወራው ሶደሬ ስለሚባለው ድረገጽ ነበር። ደግሞ «ነጻ» የተባለው ዩቲዩብም ፓኬጅ ይበላል። ከሁሉ የባሰው ግን ስልክ የሚታየው ለብቻ መሆኑ ነው።

በቀጣዩ ስሄድ ሳሎኑ ጭር ብሏል። ድሮ አዳማ ከተማ ሲጫወት ጎረቤቱ ሁሉ ይመጣ ነበር፤ በርጩማ አይበቃም፣ ቡና ሁለት ጊዜ ይፈላል። ያኔ ገባኝ፤ በየወሩ ስከፍል የነበረው ለኳስ ብቻ ሳይሆን ለእንግዳም ነበር።

«አባዬ፣ መልሼ ላስገባልህ እንዴ?» አልኩት።

«አታስገባ። ኳስ ቤት እየሄድኩ ነው።»

ተከትዬው ሄድኩ። ከፍለን ገባን፤ ጎረቤቶቹ በሙሉ እዚያ አሉ። አንዱ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት። ለዓመታት ሰው ሲያስተናግድ የኖረ አባቴ፣ ተስተናጋጅ ሆኖ ቁጭ አለ። እውነቱን ለመናገር ዓይኔን ሞላው።

እሱ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «እዚህ ደስ የሚለው» አለኝ፣ «ስኒ የሚያጥበው ሌላ ሰው ነው።»