የጀመዓው ገንዘብና የጓሯችን መደብ



ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ዕዳ ስላለብን ነው። ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ከጀመዓው ሳጥን 2,400 ብር ወስደን ነበር። ስድስታችን ተከራይተን የምንኖርበት ግቢ ሰፊ ጓሮ አለው። እዚያ ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር አልምተን በረመዳን አብረውን ለሚያፈጥሩ ተማሪዎች የአትክልቱን ወጪ እንሸፍናለን ብለን ቃል ገባን። ገንዘቡ ለዘር፣ ለችግኝ፣ ለአንድ አካፋና ለአንድ ዶማ ዋለ። ነሐሴ ሲጋመስ በእጃችን የቀረው አካፋውና ዶማው ብቻ ነበር።

ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ሳንነግረው ይገምታል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጓሯችን አፈር ደግሞ ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ስንጥቁን ሁሉ ይደፍናል። ከዚያ በኋላ የሚወርደው ዝናብ ወደ ታች አይሰርግም፣ እላዩ ላይ ይተኛል። ሥር አየር ካላገኘ ታፍኖ ይበሰብሳል። እኛ ደግሞ በስልካችን ያየነው ቪዲዮ ለካ የደረቅ አገር ነበር፤ እሱን ተከትለን መሬቱን ዝቅ አድርገን ቆፍረን፣ ውሃ እንዳይሄድብን ዙሪያውን በአፈር ገደብነው። በሐምሌ ዝናብ ኩሬ ሠርተን ቁጭ አልን። የጎመኑ ቅጠል መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ወደቀ። ካሮቱ ጭራሽ አልበቀለም።

ገንዘቡ ትንሽ ነው የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ነገር ግን የተሰበሰበው ከተማሪ ኪስ ነው፤ የሻይ ገንዘቡን ቆጥቦ የሰጠ አለ። አንዳችን «ቀስ ብለን ከኪሳችን እናሟላውና ለማንም አንናገር» አለ። ሁለት ቀን ተከራከርንበት። ገንዘቡን መተካት ይቻል ነበር፤ የጠፋውን እንዳልጠፋ አስመስሎ መቅረብ ግን አማናን አያድንም ብለን አሚራችን ዘንድ ሄድን። ሰምቶን ሲያበቃ አልተቆጣም። «መሬቱን የሚያውቅ ሰው ጠይቃችሁ ነበር?» ብቻ አለን። አልጠየቅንም ነበር።

የሚያሳፍረው፣ መሬቱን የሚያውቁት ሰው ከእኛ ክፍል አሥር እርምጃ ርቀው ነው የሚኖሩት። አከራያችን እማማ በሞረትና ጅሩ፣ እነዋሪ አካባቢ ተወልደው ያደጉ ናቸው። ጓሮውን ሲያዩት የኖሩት በዝምታ ነው። ስንጠይቃቸው ግን፣ «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ የምታውቁት ነገር አለ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አሉን። ቀጥለውም በልጅነታቸው ስንዴ ሲዘራ እናታቸውን ተከትለው ማሳ ላይ ይውሉ እንደነበር ነገሩን። በሬ ያረሰውን አፈር ሴቶቹና ልጆቹ ከቦዩ በእጃቸው እየዛቁ መደቡ ላይ ይከምሩታል። ውሃው በቦዩ ይወርዳል፣ እህሉ ከላይ ይቆማል። «ወገባችን እስኪቆረጥ ነበር የምንሠራው። እናንተ ግን ለስድስት ወጣት አንድ ጓሮ ምን አላት?» ብለው ሳቁብን።

ከዚያ በኋላ አንብበን እንደተረዳነው የእነዋሪ ሜዳ ገበሬዎች በእጅ የሚሠሩት ሰፊ መደብና ቦይ በግብርና ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚሁ ደብረ ብርሃን ጣቢያ የነበረው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል፣ በአጭሩ ኢልካ፣ ከአገራችን ተቋማት ጋር በጥቁር አፈር ላይ ይሠራ ነበር። በዚያ ሥራ ከአገሬው ማረሻ ተነሥቶ፣ መደቡን በበሬ የሚያወጣ ቢቢኤም የተባለ መሣሪያ ተሠራ። መሣሪያው የሚያወጣው መደብ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ቦዩ ደግሞ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ዓላማው የእነዋሪ ሴቶችና ልጆች ወገብ የተሸከመውን ሥራ ወደ በሬው ማዛወር ነበር። እኛ በሩቅ አገር ቪዲዮ ስንፈልገው የነበረው ዘዴ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከእኛ ዕድሜ በላይ ኖሯል።

መስከረም ላይ እንደገና ጀመርን፤ በዚህ ጊዜ በራሳችን ገንዘብ። ልትሞክሩት ለምትፈልጉ አሠራሩን እንዲህ እናካፍላችሁ።

መጀመሪያ ዝናብ በጣለ ማግስት ውሃው ወዴት እንደሚሄድ አየንና የቦዮቹን መውጫ ወደዚያ አደረግን። ውሃ መውጫ የሌለው መደብ ምን ቢያምር ዋጋ የለውም። የመደቡን ስፋት አንድ ሜትር አደረግነው፤ ከሁለቱም ወገን ቁጭ ብሎ እጅ መሀሉ ላይ ይደርሳል፣ ስለዚህ አፈሩን ማንም አይረግጠውም። ዋልካ ከተረገጠ መልሶ ይጠቀጠቃል። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ከፍታው 30 ሳንቲ ሜትር ነው። በመደቦቹ መካከል ባልዲ ይዞ የሚያሳልፍ የግማሽ ሜትር መንገድ ተውን። ይኸው መንገድ በክረምት ቦይ ይሆናል።

ለጠርዙ ጣውላ ልንገዛ ነበር፤ ዋጋውን ጠይቀን ተመለስን። ከስድስታችን አንዱ ከአንኮበር ቁልቁል፣ ከአልዩ አምባ በኩል የመጣ ነው። የእርከን ድንጋይ ሲደረደር እያየ ስላደገ፣ ጓሮው ውስጥ የተበተነውን ድንጋይ ያለ ሲሚንቶ እርስ በርሱ አስተቃቅፎ ገነባው። ትልቁ ከሥር፣ ፊቱ ወደ ውስጥ ትንሽ ዘንበል ያለ፣ ክፍተቱ በጠጠር የተሞላ። ውሃ በድንጋዮቹ መካከል ይወጣል፣ አፈሩ ግን ይቀራል። ድንጋይ ከሌላችሁ ቀጫጭን የባሕር ዛፍ አጣና ይሠራል፣ ምንም ከሌለም የመደቡን ጠርዝ አግድሞሽ አድርጎ መጠቅጠቅ ይበቃል፤ እነዋሪዎች ድንጋይ አይገነቡም።

አንዱን መደብ ለመሙላት 0.9 ሜትር ኩብ አፈር ያስፈልጋል። ከቦዩ ያወጣነውን አፈር፣ የበሰለ የበግ ፍግና ጥቂት አሸዋ ደባለቅን። ፍግ በአካባቢያችን እንደ ልብ አይገኝም፤ የከብቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ስለሚገባ ለአፈሩ የሚተርፈው ጥቂት ነው። እኛ በግ ከሚያረቡ ጎረቤቶች በጠጡን በከረጢት ተሸክመን አምጥተን ከጎመን ልጣጭና ከገለባ ጋር አበሰበስነው።

መደብ ሁሉንም ችግር አይፈታም። የአልዩ አምባው ወንድማችን ከቤቱ የቲማቲም ዘር ይዞ መጥቶ ነበር። እማማ «ይሄ የቆላ ነው፣ ውርጩ ይበላዋል» አሉ። አሁንም አልሰማንም። ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ከአምባው ሥር ካለው ቆላ እስከ እኛ ጓሮ ያለው ከፍታ ግን ሌላ አገር ነው። ኅዳር ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ባለና ነፋስ በሌለበት አንድ ሌሊት፣ ቲማቲሙ ሁሉ ጠቁሮ አደረ። ጎመኑ፣ ቆስጣው፣ ካሮቱ፣ ቀይ ሥሩና ነጭ ሽንኩርቱ ግን ቆሙ። ከዚያ ወዲህ ሰማዩ የጠራ ማታ ለጋ ችግኞቹን በገለባና በባዶ ከረጢት እየሸፈንን፣ ፀሐይ ስትወጣ እንገልጣለን።

ሌላው ጉድለቱ፣ በክረምት ውሃ የሚያወርደው መደብ በበጋ ቶሎ ይደርቃል፤ መጀመሪያ የሚደርቀውም ጠርዙ ነው። አፈሩን በገለባ አለበስነው። ውሃውን ያገኘነው ከራሳችን ውዱእ ነው። ከቧንቧው ሥር ባልዲ አስቀመጥን፤ ስድስት ሰው በቀን አምስት ጊዜ የሚያፈሰው ንጹሕ፣ ሳሙና የሌለበት ውሃ ከጠበቅነው በላይ ሆነ። ባልዲው ሲሞላ እያየን ውሃ አከፋፈታችንን መቀነሳችንንም አንደብቃችሁም።

ረመዳን የገባው የካቲት ላይ ነው። ከዙሁር በኋላ ተራ የደረሰው ሰው ጎመንና ካሮት ነቅሎ፣ አጥቦ ወደ ማብሰያው ያደርስ ነበር። ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን ከገበያ ገዝተናል፤ ሾርባ ውስጥ የገባው ካሮትና በሰሐኑ ዙሪያ የቀረበው ጎመን ግን በአብዛኛው የዚያው ጓሮ ነው። እማማም በዚያው ሰሞን ሁዳዴን እየጾሙ ስለነበር የመጀመሪያውን ቀይ ሥር ለእሳቸው ወሰድን። «መደቡን ትንሽ ከፍ ብታደርጉት ኖሮ» ብለው ተቀበሉን።

ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰውም ወፍም ቢበላ ሶደቃ እንደሚሆንለት በሐዲስ ተምረናል። ወፎቹ ከቆስጣችን ድርሻቸውን ሳይጠይቁን ወስደዋል፤ አላህ ይቀበለን።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ለኢፍጣር ያስረከብነው አትክልት በገበያ ዋጋ ሲሰላ 1,700 ብር ገደማ ይሆናል። 700 ብር ይቀርብናል። ከመጪው ክረምት በፊት ሦስተኛውን መደብ እንሠራለን፣ እንደ እማማ ምክር 10 ሳንቲ ሜትር ጨምረን። ቀሪውን ዕዳ ከዚያ እንከፍላለን፤ መደቡ ካልሰጠ ከኪሳችን እንሞላለን፣ ያንንም እዚሁ እናሳውቃለን።

ቤት ተከራይታችሁ የምትኖሩ፣ ወይም ቤተሰቦቻችሁ ጋር ጓሮ ያላችሁ፣ ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ መጥታችሁ እዩት። ድንጋይ የሚያቀብል እጅም ያስፈልገናል። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ግቢያችሁ ውስጥ ያሉትን ትልቅ ሰው ጠይቁ።