ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ቤትን ስለ ማዛወር

የቤት ኪራይ በከበደበት፣ ሠራተኛውም የቀኑን ብዙ ሰዓት በታክሲ ሰልፍ በሚያሳልፍበት በዚህ ዘመን፣ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ አነስተኛ ከተማ መግባት ይሻላል ወይስ አይሻልም የሚለው ጥያቄ በብዙ ቤተ ሰብ ማዕድ ዙሪያ የሚነሣ ሆኗል። ይልቁንም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ምክንያት አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ አብረው ያረጁ ጎረቤቶች በየአቅጣጫው ስለ ተበተኑ፣ «ከሰፈራችን ከተለየን በኋላ ከከተማይቱ ብንለይ ምን ይቀርብናል?» የሚሉ አሉ። በእኛም ቤት ይኸው ነገር ከተነሣ ዓመት አልፎታል። ከመካከላችን አንዳችን መምህር፣ አንዳችን ልብስ ሰፊ ነን፤ ሁለት ልጆችና አንዲት አረጋዊት እናት አሉን። እንግዲህ በወሬ ከመወሰን ሄዶ ማየት ይበጃል ብለን ባለፈው ኅዳር ወደ ደብረ ብርሃን ተነሣን።

ከተማይቱ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ ትገኛለች። ለገጣፎንና ሰንዳፋን አልፎ፣ በአለልቱ አድርጎ፣ በቅቤዋ ስመ ጥር ከሆነችው ከሸኖ ሲደርሱ ዐይን እስኪደክም የተዘረጋ ሜዳ ይታያል። ገብሱ ታጭዶ ተከምሮ፣ በጎቹ በታጨደው ማሳ ላይ ተሠማርተው ነበር። ጫጫን ካለፍን በኋላ ግን ነፋሱ ተለወጠ፤ በአውቶቡሱ ውስጥ የነበሩት የአገሩ ሰዎች አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ጋቢያቸውን ሲያጠብቁ አይተን እኛም ነጠላችንን ደረብን። ነጠላ ለዚያ አገር ልብስ አለመሆኑን ወዲያው ተረዳነው።

ደብረ ብርሃን አነስተኛ ከተማ ብትባልም ታሪኳ አነስተኛ አይደለም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ታየ በተባለበት በዚህ ስፍራ ቤተ ክርስቲያን አሳንጸው ከተማ እንደ ቆረቆሩ፣ ስሟም ከዚያው እንደ ወጣ ይነገራል። ነገሥታት በድንኳን ከቦታ ቦታ በሚዘዋወሩበት ዘመን፣ እኒህ ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ1468 እስኪያርፉ ድረስ የመጨረሻ ዘመናቸውን አብዛኛውን በዚህ ብርዳም ሜዳ ረግተው ማሳለፋቸው እስከ ዛሬ ያስደንቀናል። በእኛ ዘመን ደግሞ በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶባታል፤ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆባታል፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካዋም በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ወደ ገጠር የሚገባ አይምሰለው።

ወደ ትንሽ ከተማ ስለ መዛወር ሲወራ ሁሉ የሚያነሣው የኑሮውን ርካሽነት ነው። እኛ ግን ርካሽነቱ ከሚባለው ያነሰ ሆኖ አገኘነው። ከወለጋ የተፈናቀሉት፣ እንደዚሁም በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ የሸሹት ወገኖች የተጠጉት በዚህችው ከተማ ነው፤ ተማሪውና የፋብሪካ ሠራተኛውም ቤት ፈላጊ ነው። የቤቱ ኪራይ በእርግጥ ከአዲስ አበባው ይቀንሳል፤ ዳሩ ግን ከኪራዩ የተረፈውን ገንዘብ ብርድ ልብስ፣ ወፍራም ሹራብና ከሰል ይካፈሉታል።

እውነተኛው ትርፍ ሰዓት ነው። ልጆች በእግራቸው ትምህርት ቤት ደርሰው ለምሳ ወደ ቤት ይመለሳሉ። በአዲስ አበባ ልጆቻችን ከመንጋቱ በፊት ወጥተው ሲመሽ ስለሚገቡ፣ ከእነርሱ ጋር ተቀምጦ መብላት የእሑድ ነገር ሆኖ ቀርቷል። በየቀኑ ከልጆች ጋር ምሳ መብላት በስንት ብር እንደሚተመን ማንም ሊነግረን አይችልም፤ ቢሆንም ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የሳበው ይህ ነበር።

ብርዱን በሚመለከት እንግዳ ሰው ማቃለል የለበትም። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠች ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ማለዳ ስንነሣ ሣሩ ነጭ ለብሶ፣ በባልዲ ያደረው ውሃ ከላዩ በስሱ ረግቶ አገኘነው። በመስከረም፣ ሜዳው በአበባ ተሸፍኖ ሳለ ቤት አይቶ የሚወስን ሰው ራሱን ያታልላል። እናታችን አስም አለባት፤ ሐኪሟም ብርድና ከፍታ ለሳንባዋ እንደማይስማሙ አስጠንቅቋታል። በከተማይቱ ትልቅ ሆስፒታል አለ፤ ነገር ግን ሕመም ሲጠና በሽተኛው ወደ አዲስ አበባ መላኩ አይቀርም። መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፤ በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የተዘጋባቸው ቀናት ነበሩ። 130 ኪሎ ሜትር መንገዱ ክፍት ሲሆን የግማሽ ቀን እንኳ ጉዞ አይደለም፤ ሲዘጋ ግን ርቀቱ በኪሎ ሜትር አይለካም።

በሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሽማግሌ አግኝተን ሐሳባችንን አጫወትናቸው። «ቤትስ አይጠፋም ልጆቼ፤ ዕድራችሁን ወዴት ታደርጉታላችሁ?» አሉን። ይህን ጥያቄ ቤት ከሚያከራየው ደላላ አልሰማነውም ነበር። ዕድር እንደ ተማሪ በመሸኛ ደብዳቤ አይዛወርም። አዲስ ገቢ የመመዝገቢያ ይከፍላል፤ ዕድሩ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ካፈራ ደግሞ ነባሮቹ ለዓመታት ካዋጡት ድርሻውን እንዲከፍል ይጠየቃል። ገንዘቡስ ይገኝ፤ በለቅሶ ቀን ደጃፍ ላይ የሚቀመጠው ሰው ግን በገንዘብ አይገኝም። ሰንበቴውም፣ የንስሐ አባትም ነገር እንዲሁ ነው። ሽማግሌው ግን ተስፋ አላስቆረጡንም፤ «የሰው ለቅሶ ድረሱ፣ በሰርጉም አገልግሉ፤ በሁለት ዓመት የሰፈሩ ሰው ትሆናላችሁ» ብለው መከሩን።

ስለ እንጀራችንም ማሰብ ነበረብን። መምህር ከአንድ ክልል ወደ ሌላው ለመዛወር ማመልከቻ አስገብቶ ክፍት ቦታ መጠበቅ አለበት። የስፌት መኪና በጭነት መኪና ይሄዳል፤ ለፋሲካና ለጥምቀት ቀሚስ የሚያሰፉት ደንበኞች ግን አይጫኑም። በሌላ በኩል ለብርድ አገር የሚሆን ወፍራም ልብስ የሚሰፋ ሰው በደብረ ብርሃን ገበያ ሥራ እንደማያጣ በዐይናችን አይተናል።

ከተመለስን በኋላ ይህን ሁሉ ለእናታችን ነገርናት። ጸጥ ብላ ከሰማች በኋላ፣ «እናንተ ሂዱ፤ ልጆቹ ምሳቸውን ከእናንተ ጋር ይብሉ። እኔን ግን ከአባታችሁ መቃብር አታርቁኝ፤ የሚቀብሩኝም እነዚሁ የማውቃቸው ናቸው» አለችን። ልንከራከራት ፈለግን፤ አልሆነልንም። ለአንድ ወጣት ቤተ ሰብ ደብረ ብርሃን መልካም ከተማ ናት ብለን እንፈርዳለን፤ ለእንደ እርሷ ያለ አረጋዊ ግን አይደለችም፤ እኛም በአንድ ቤት ሁለቱንም ነን።

ለጊዜው የደረስንበት ይህ ነው። የዝውውር ማመልከቻው ገብቷል፤ መልሱ ከመጣ ልጆቹ የዓመቱን ትምህርት ከጨረሱ በኋላ ቤት ሳንሠራ ለአንድ ዓመት ተከራይተን ክረምቱንና ውርጩን እንቀምሳለን። እናታችን ከታላቅ እኅታችን ዘንድ ትቀመጣለች። የአዲስ አበባውን የዕድር መዋጮ በየወሩ እየከፈልን እንቀጥላለን፤ ደብተሩም በእናታችን እጅ ይሆናል።