ከቀይ ባሕር የተረፈ የዘር ሐረግ

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1888 ኦስፕሬይ የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ባሪያ የጫኑ ጀልባዎችን ያዘች። ከተረፉት የኦሮሞ ልጆች 64ቱ ኤደን ሚሲዮናውያን ዘንድ ቆይተው በ1890 ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ትምህርት ቤት ገቡ። ዘሩን ለሚፈልግ ሰው ትልቁ ሀብት የሚሲዮናውያኑ መዝገብ ነው፦ የትውልድ ቀዬ፣ የወላጅ ስም፣ ማን እንደሸጠና በየት እንደተነዱ፣ ከየልጁ አፍ ተጽፏል። ባሕር ለዋጣቸው እንዲህ ያለ ወረቀት ከየት ይመጣል? ከተረፉት አንዷ ቢሾ ጃርሳ የኔቪል አሌክሳንደር አያት ናቸው፤ እሱ ሮበን ደሴት ከማንዴላ ጋር የታሰረው ምሁር ነው። ወለጋም ከባርነት የተረፈ ሰው ኖሮባታል፦ ምጽዋ ላይ በ1870 ነጻ የወጡት ኦነሲሞስ ነሲብ በ1904 ነቀምቴ ገብተው፣ በ1931 እዚያው አረፉ።