አራቱ የነርስነት ዘርፎችና የእኔ ምርጫ



በአርባዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው ትምህርት ልጀምር ሲል አስቀድሞ የሚሰማው ቃል «አሁን ነው እንዴ?» የሚል ነው። እኔ የ43 ዓመት ሴትና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ደሴ በመድረሳ ቁርአንና ዐረብኛ ቀርቼ፣ የቀለም ትምህርቱንም እስከ 12ኛ ክፍል ተምሬአለሁ። ዛሬ ለንደን ውስጥ ቅዳሜና እሁድ ልጆችን ቁርአን አስቀራለሁ፤ በሌሎቹ ቀናት በአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ። ነርስነት ለመማር ስነሳ ይበልጥ የከበደኝ ግን ዕድሜዬ ሳይሆን ዘርፍ መምረጡ ነበር። በዚህ መንገድ ላይ ያላችሁ እህቶች ትጠቀሙበት ይሆናል ብዬ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

በብሪታንያ ጠቅላላ ነርስነት ተምሮ በኋላ ልዩ ሙያ መያዝ የተለመደ አይደለም። አመልካች ገና ሲያመለክት ከአራት ዘርፎች አንዱን ይመርጣል፤ ሲመረቅም በነርሶች መዝገብ ላይ የሚሰፍረው በዚያው ዘርፍ ነው። እነርሱም የዐዋቂዎች፣ የሕፃናት፣ የአእምሮ ሕመምና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ዘርፎች ናቸው።

ቤተሰቤ የወደደልኝ የመጀመሪያውን ነበር። ብዙ በር የሚከፍተው እርሱ ነው፤ በዐረብ አገሮችም ሆነ በአገር ቤት ሆስፒታል ያሠራል። እናቴ በስልክ «ልጄ፣ ነገ አገርሽ ስትገቢ እንጀራ የሚሆንሽን ተማሪ» አለችኝ። ወዳጆቼ ደግሞ «ከልጆች ጋር ነው የኖርሽው» እያሉ የሕፃናቱን መረጡልኝ። የአእምሮ ሕመሙም ልቤን ስቦት ነበር። በ1284 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይ የተሠራው የሱልጣን ቀላውን ሆስፒታል ለአእምሮ ሕሙማን ቦታ እንደነበረው ሳስብ፣ ዛሬ በእኛ ማኅበረሰብ ይህ ሕመም በሹክሹክታ ብቻ መነሳቱ ያሳዝነኛል።

አራተኛውን ያሳወቀኝ ግን አንድ ተማሪዬ ነው። ልጁ ዳውን ሲንድሮም አለበት። እናቱ መጀመሪያ ያመጣችው ታላቅ እህቱን ብቻ ነበር፤ እርሱን መኪና ውስጥ ይዛው ትቀመጥ ነበር። «አይገባውም፣ ሰውም ያየዋል» አለችኝ። አስገቢው አልኳት። ሱረቱል ፋቲሓን ለመያዝ ሁለት ዓመት ፈጀበት፤ ግን ያዛት፣ አልሐምዱሊላህ።

አንድ ቀን ይህ ልጅ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ያጋጭ ጀመር። ላስተረጉም ከእናቱ ጋር ሆስፒታል ሄድኩ። እዚያም «እንደነዚህ ያሉ ልጆች ጠባያቸው ነው» ተብለን ተመለስን። በሁለተኛው ጉዟችን ግን በዚህ ዘርፍ የሠለጠነች ነርስ ተጠራች። ልጁን ለመንካት አልቸኮለችም፤ ወለል ላይ ከጎኑ ተቀመጠች። «ሲደሰት ምን ያደርጋል? ሲያመው ምን ያደርጋል? እጁ የሚሄደው ወዴት ነው?» እያለች እናቱን ጠየቀች። ከዚያም ጆሮው ይታይልኝ አለች፤ ጆሮው ውስጡ መግሎ ነበር። አፍ አውጥቶ ሊናገር ያልቻለውን ሕመም ሰዎች ጠባይ ነው ብለውት ነበር።

ይህ የእርሱ ብቻ ዕጣ አይደለም። በእንግሊዝ የተደረጉ ግምገማዎች እንደሚያሳዩት የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ በአማካይ ወደ 20 ዓመት ገደማ ቀድመው ይሞታሉ፤ ብዙዎቹም ተገቢው ሕክምና በጊዜው ቢያገኙ ሊተርፉ የሚችሉ ነበሩ።

ባለቤቴ አንድ ከባድ ጥያቄ አነሳ። «ይህ ዘርፍ ራሱን ችሎ የሚገኘው በብሪታንያና በአየርላንድ ብቻ ነው ብለሽኛል። ታዲያ አገራችን ብንገባ ምን ልትሠሪበት ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ይህን ወረቀት ይዤ ሌላ አገር ሆስፒታል ልቀጠር ብል እንደ አዲስ መማር ሊኖርብኝ ይችላል። መልሴ ግን ይህ ነበር፦ እንዲህ ያለ ልጅ የሌለበት መንደር በወሎ የለም፤ ብዙው ግን በጓዳ ተደብቆ ነው የሚያድገው። ወረቀቱ አገሬ ላይ ባያሠራኝ ዕውቀቱ ያሠራኛል። ባለቤቴ ጥቂት አሰበና «እንግዲያው ኢስቲኻራሽን ስገጂ» አለኝ። ሰገድኩ።

ሁለት ነገሮችን በአጭሩ ላንሳ። አንደኛው ወለድ ነው። የመንግሥቱ የትምህርት ብድር ወለድ ስላለበት ብዙ ሙስሊሞች ይሸሹታል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ መንግሥት ከወለድ ነፃ የሆነ አማራጭ እንዲያቀርብ መንገድ ቢከፍትም ለዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆይቷል። እኔ ያገኘሁት መውጫ እየሠሩ ዲግሪ የሚማሩበት ሥልጠና ነው። ክፍያውን የሚሸፍነው ቀጣሪው ነው፤ ተማሪው ደመወዝ ያገኛል። በሦስት ዓመት ፈንታ ብዙውን ጊዜ አራት ዓመት ይወስዳል፤ ደመወዙም አነስተኛ ነው። ሁሉም ቀጣሪ አራቱንም ዘርፎች ስለማያቀርብ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የአለባበስና የወንድ ታካሚ ጉዳይ ነው። ለንጽሕና ሲባል እጅ እስከ ክርን መገለጥ አለበት የሚል ደንብ አለ፤ ሆኖም ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ የእንግሊዝ መመሪያ ተጠልቆ የሚጣል እጅጌን ይፈቅዳል። ወንድ ታካሚን ስለመንከባከብ የጠየቅኳቸው ዓሊም ስለ ዶሩራ አብራሩልኝ፤ ሩፈይዳንም (ረ.ዐ.) አስታወሱኝ። በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰሉት ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ.) የታከሙት መዲና መስጂድ ውስጥ በእርሷ ድንኳን ነበር።

እህቶቼ ሆይ! ዘርፍ ስትመርጡ «የትኛው ይበልጥ ያስከብረኛል?» ብላችሁ አትጀምሩ። የትኛውን ሰው ሳትሰለቹ መቀመጥ እንደምትችሉ፣ ነገ የት መኖር እንደምታስቡ፣ ክፍያው ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ። ከተቻለም በዚያ ዘርፍ የሚሠራን ሰው አንድ ቀን ውሎውን እዩ። ኢስቲኻራ ከዚህ ጋር ይሄዳል እንጂ የዚህ ምትክ አይደለም።

እኔ በመጪው መስከረም ኢንሻአላህ እጀምራለሁ። በጓዳ የተደበቁ ልጆች ያሏችሁ ወላጆችም አደራ፣ አውጧቸው፤ ወደ መድረሳም ላኳቸው። አላህ ዕውቀታችንን ለሰው የሚጠቅም ያድርግልን። አሚን።